ሜትር የያዘ ተቆጣጣሪ፦ በተፈናቃዮች ጉልበት መንገድ ሲሠራ

እንደምን ዋላችሁ። የተጠራሁት ስለ ሥራ ዕድል ፈጠራ እንድናገር ነው። ርዕሱ ደስ ይላል፣ ባነር ላይም ያምራል። እኔ ግን በአብዛኛው የማወራችሁ ስለ ሜትር፣ ስለ ገመድና ስለ ችካል ነው። አብዛኞቻችሁ በቅርቡ ሳይት ትወጣላችሁ። እዚያ ስትደርሱ ዶማና አካፋ የያዘ ብዙ ሰው ፊታችሁ ይቆማል፣ ቤቱን፣ ማሳውንና ከብቱን ጥሎ የመጣ ሰው። ዛሬ ምን እንደሚሠራና ስንት እንደሚከፈለው ካላወቀ የእናንተ ዲግሪ ምንም አይፈይድለትም።

እንዲህ ዓይነት ፕሮጀክት ሁለት ሂሳብ አለው። አንዱ የሰው ቀን ነው፦ ስንት ሰው ስንት ቀን ሠርቶ ተከፈለው? ሌላው ሜትር ኩብ ነው፦ መሬት ላይ ምን ወጣ? ተቆጣጣሪው ሁለቱን አብሮ ካልያዘ ሁለቱም ይበላሹበታል። “ዋናው ሰዉ ገንዘብ ማግኘቱ ነው፣ መንገዱ እንደሆነ እንደሆነ ይሁን” የሚል ደግ ሰው አጋጥሞኛል። “መንገዱ ይድረስ እንጂ ማን ሠራው ምን አገባን” የሚል ኮንትራክተርም አጋጥሞኛል። የደጉ ሰው መንገድ በመጀመሪያው ክረምት ታጥቦ ይሄዳል። የኮንትራክተሩ ደግሞ ተፈናቃዩን ዳር አስቀምጦ ስካቫተር ሲቆፍር ያሳየዋል።

እስቲ ደቡብ ኢትዮጵያ ያለውን የጌዴኦ ዞን እናስብ። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ከዚያም ሰኔ ላይ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። በፈረንጆቹ 2018 በግጭት ምክንያት ከዓለም ከፍተኛው አዲስ መፈናቀል የተመዘገበው እኛ አገር ነበር፣ 2.9 ሚሊዮን። ጌዴብና ኮቸሬ ላይ ሰው ያረፈው ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያንና ያላለቀ ሕንፃ ውስጥ ነው። ይህ ሰው ማነው ብላችሁ ጠይቁ። የጌዴኦ ገበሬ በበሬ አያርስም። ቁልቁለት ላይ ቡናና እንሰቱን የሚያለማው በእጅ መሣሪያ ነው። መልክዓ ምድሩም በዚሁ ዕውቀት የተነሳ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ለመሃንዲስ ይህ ትልቅ ወሬ ነው። አፈር ጨብጦ እርጥበቱን የሚነግራችሁ፣ ቁልቁለት ላይ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ከእናንተ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው ያገኛችሁት። ወረቀቱ ላይ ግን “ሙያ የሌለው የጉልበት ሠራተኛ” ተብሎ ይመዘገባል። እኔ ይሄ ነገር ሁሌም ይከነክነኛል።

ለምን በጉልበት? በማሽን ብቻ የሚሠራ የገጠር መንገድ ላይ የወጪው ትልቁ ድርሻ ነዳጅ፣ መለዋወጫና የማሽን ኪራይ ነው። ገንዘቡ በዚያው ከወረዳው ይወጣል። በጉልበት ሲሠራ እንደ ሥራው ዓይነት የወጪው ግማሽ ገደማ በደመወዝ መልክ እዚያው አካባቢ ሊቀር ይችላል። ውጤቱን ለማየት ጥናት አያስፈልግም፣ የገበያ ቀን ወጣ ብሎ ማየት ነው። ኬንያ በ1974 እ.ኤ.አ. በጀመረችው ፕሮግራም የገጠር መንገድ በዶማና በአካፋ በጥራት ሊሠራ እንደሚችል አሳይታለች። ኪሲ ላይ ያለው ማሠልጠኛዋም የሌሎች አፍሪካ አገራት መሃንዲሶች ተምረውበታል። እኛ ጋ ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት አለ፣ ችግረኛ ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ሠርቶ ክፍያ የሚያገኝበት ፕሮግራም፤ በኋላ ከተማም ገባ። ኮብልስቶንንም የማያውቅ የለም። “ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን” እየተባለ ስንቱ እንደተቀለደበትም ታውቃላችሁ። እኔን ቀልዱ አያስቀኝም፤ ኮብል በአግባቡ ጠርቦ መደርደር የሚችል ሰው ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ስለማውቅ።

አሁን ወደ ገመዱ።

ሥራው የሚወሰነው ጠዋት አይደለም፣ ማታ ነው። ሠራተኛው ሲበተን እናንተ ከካቦዎቹ፣ ከቡድን መሪዎቹ ማለት ነው፣ ጋር ትቀራላችሁ፣ የነገውን ሥራ ለክታችሁ ችካል ትተክላላችሁ፣ ገመድ ትዘረጋላችሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰው ሲመጣ የየራሱ ድርሻ መሬት ላይ ምልክት ተደርጎበት መጠበቅ አለበት። ይሄን ያላደረገ ሳይት በቀላሉ ይለያል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ብትሄዱ ሰዉ አካፋው ላይ ተደግፎ ያወራል። ካቦው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሮጣል። መሃንዲሱ ስልክ ላይ ነው። ከዚያ “እነዚህ ተፈናቃዮች ሰነፍ ናቸው” የሚል ሪፖርት ይጻፋል። ሰነፉ ማን እንደሆነ ለእናንተ ልተወው።

ለምሳሌ የመንገድ ዳር ቦይ አለ እንበል፣ 60 ሳንቲ ስፋት፣ 30 ሳንቲ ጥልቀት። በአንድ ሜትር ርዝመት 0.18 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። መካከለኛ አፈር ላይ አንድ ሰው በቀን 3 ሜትር ኩብ ቆፍሮ ይጥላል ብላችሁ ብትነሱ ወደ 16 ሜትር ይደርሰዋል። ጠንካራ አፈር ሆኖ 2 ሜትር ኩብ ብቻ የሚቻል ከሆነ 11 ሜትር። ይህን ቁጥር ከመጽሐፍ ገልብጣችሁ ሳይት አትለጥፉ። መጀመሪያ ለሦስት ለአራት ቀን ሞክሩት። ጠንካራውን ጎረምሳ ብቻ ሳይሆን መካከለኛውን ሰው ተመልከቱ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጨርስ ጻፉ። ሕጉ የሚለው በቀን 8 ሰዓት ነው፣ በልክ የተሰጠ ሥራ ግን ጠንክሮ የሠራ ሰው በ5 ወይም በ6 ሰዓት ውስጥ ጨርሶት ወደ ቤቱ መሄድ መቻል አለበት። ሁሉም ሰው በ3 ሰዓት ውስጥ የሚጨርስ ከሆነ ልኩ አንሷል። ማንም የማይጨርስ ከሆነ ደግሞ ሰዉን በደመወዝ ስም እየበዘበዛችሁት ነው። ዝናብ ሲዘንብ፣ ዋልካ ሲያጋጥም፣ ሥር ሲበዛ ልኩ ይለወጣል፤ በየቀኑ የምትለኩትም ለዚህ ነው።

ሴፍቲኔት ላይ የሠራችሁ የአፈር እርከን በኪሎ ሜትር 150 የሰው ቀን፣ የድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን የሚለውን ኖርም፣ ማለትም የሥራ መለኪያ፣ ታውቁታላችሁ። ጥሩ መነሻ ነው። ግን ብዙ ቦታ ኖርሙ ለሪፖርት ብቻ ነው የሚውለው። ሰዉ በጅምላ ይሰለፋል፣ ሰዓት ይሞላል፣ ይበተናል፣ ከዚያ ቢሮ ውስጥ ኪሎ ሜትሩ በ150 ተባዝቶ ይሞላል። መሬት ላይ ወርዶ የሚለካ የለም። “የእርዳታ ሥራ” የሚለው ስም የወጣው ከዚህ ነው። በኩንትራት ለግለሰብ ቦይ ሲቆፍር እንደ እሳት የሚሠራ ሰው የእርዳታ ሥራ ላይ ሲመጣ ለምን ይቀዘቅዛል? ኩንትራቱ ላይ ልኩን ያውቀዋላ! ጨርሶ ሂሳቡን ይዞ ይሄዳል።

አሠራሩ ራሱም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ቦዩ ቀጥ ባለ ግድግዳ እንደ ሳጥን ይቆፈራል። ከዚያ በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ይዘነበላል፣ ቀጥሎ በውጭ በኩል ያለው። የወጣው አፈር ሁሉ ወደ መሃል ይጣልና የመንገዱን ጀርባ፣ ውሃ ወደ ዳር እንዲወርድ ከፍ የሚለውን መሃሉን፣ ይሠራል። ለምን መጀመሪያ ሳጥን? ሳጥን በሜትር ይለካል! ካቦው 60 ሳንቲና 30 ሳንቲ የሆነች እንጨት ይዞ ቦዩ ውስጥ እያስገባ ይሄዳል፣ ካልገባች አልጨረስክም ነው። ጭቅጭቅ የለም፣ ዘመድ አዝማድ የለም። ጀርባው ላይ ደግሞ 5 ሜትር ስፋት ላለው መንገድ 8 በመቶ ተዳፋት ቢፈለግ መሃሉ ከዳሩ 20 ሳንቲ ከፍ ማለት አለበት። ይሄን በዓይን እገምታለሁ የሚል መሃንዲስ አትሁኑ። ጣውላና ውሃ ልክ በቂ ነው፣ ሁለቱም ርካሽ ናቸው።

“በሰው ጉልበት” ማለት ደግሞ ሁሉንም በእጅ ማለት አይደለም። ይሄ ላይ አንዳንድ ድርጅቶች እምነት ያደርጉታል። ገረጋንቲ ከ5 ኪሎ ሜትር በካሪዮላ አይመጣም፣ ካሪዮላ የሚያዋጣው ቢበዛ እስከ 150 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ትራክተር ወይም ገልባጭ ያስፈልጋል፣ መጫኑንና መበተኑን ሰው ይሠራዋል። አፈር የሚጠቀጥቅ ሩሎም ያስፈልጋል። ያልተጠቀጠቀ ሙሌት ላይ ገረጋንቲ ማልበስ ገንዘብ መቅበር ነው። እርጥበቱን ለማወቅ አፈሩን ጨብጡት። ተጣብቆ ኳስ ከሆነና እጃችሁን ካላጨቀየ ጠቅጥቁት፣ ከተበተነ ውሃ አርከፍክፉበት፣ ውሃ ከወጣው ጠብቁ።

የማይገባ ማሽን ግን አለ። ውሉ ላይ ቁፋሮው በጉልበት ይላል፣ ማታ ስካቫተር ይገባል፣ ጠዋት ቦዩ ተቆፍሮ ይገኛል። የሠራተኞቹ ስም ግን ፔሮሉ፣ የደመወዝ መዝገቡ፣ ላይ እንዳለ ነው። እንዴት ታውቃላችሁ? ግድግዳውን እዩት። የስካቫተር ጥርስ እኩል የተራራቀ ረጅም ጭረት ይተዋል። ዶማ የሚተወው አጭርና የተዘበራረቀ ምልክት ነው። ፎቶ አንሱ፣ ክፍያ ሰነዱ ላይ አትፈርሙ። ነገሩ ከመነሻው እንዳይመጣ ከፈለጋችሁ ግን የውሉ ረቂቅ ላይ ስሩ። የትኛው ሥራ በጉልበት፣ የትኛው በማሽን እንደሆነ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ለየብቻ ይግባ። “በተቻለ መጠን የሰው ጉልበት ይጠቀማል” የሚል ሐረግ ያለበት ውል ምንም እንዳልተጻፈበት ቁጠሩት።

ወደ ሰው እንምጣ። ስም ዝርዝሩ ውስጥ ማን ይገባል? ከሚፈለገው በላይ ሰው ይመጣል፣ ሁሌም። ዝርዝሩ ቢሮ ውስጥ ተሠርቶ ከወጣ ሳይቱ ከመከፈቱ በፊት ጠብ አለ። በአደባባይ ዕጣ ማውጣት ይሻላል። ኮሚቴው ውስጥ ከተፈናቃዩም ከነዋሪውም ሰው ይግባ፣ ዕጣውን ሕፃን ልጅ ያውጣው። ነዋሪውን አትርሱ። ትምህርት ቤቱ ተይዞበታል፣ የውሃ ቦኖው ላይ ሰልፍ በዝቶበታል፣ ገበያው ላይ እህል ተወዶበታል። “እኛ አስጠግተን ሥራው ለነሱ?” ማለቱ አይፈረድበትም። በጋራ ስምምነት ድርሻ ይወሰን። ከዚያ ቡድኖቹን ቀላቅሏቸው። የተፈናቃይ ቡድን ለብቻ፣ የነዋሪ ቡድን ለብቻ ካደረጋችሁ መንገዱ ላይ ድንበር ሠራችሁ ማለት ነው። ካቦ ስትመርጡም ድምፁ የጎላውን አትውሰዱ፣ ሜትር ማንበብ የሚችለውንና ሰው የሚሰማውን ውሰዱ። ብዙ ጊዜ ሴት ትሆናለች።

ከውጭ አገር የመጡ ስደተኞች ጋ ስትሠሩ ደግሞ የሥራ ፈቃዱ ነገር ይመጣል። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኞች በጋራ ፕሮጀክቶች ላይ ከኢትዮጵያውያን ጋር እንዲሠሩ በር ከፍቷል። ዮርዳኖስም ከ2016 እ.ኤ.አ. ስምምነት ወዲህ ሶርያውያንን በዚህ መንገድ አሠርታለች። የአገር ውስጥ ተፈናቃይ ግን ዜጋ ነው፣ ፈቃድ አያስፈልገውም። የእሱ ችግር መታወቂያ ነው።

የቀበሌ መታወቂያው ቤቱ ውስጥ ቀርቷል፣ ቤቱ ተቃጥሏል። ሲም ካርዱ በሌላ ሰው ስም ነው። ባንክ ሂሳብ ክፈት ሲባል መታወቂያ ይባላል፣ መታወቂያ አውጣ ሲባል ከነባሩ ቀበሌህ መሸኛ ይባላል። ነባር ቀበሌው ያባረረው ነው! ስለዚህ ክፍያ በቴሌብር ይሆናል ተብሎ ሲወሰን እናንተ “ስንቱ ሲም አለው? በማን ስም?” ብላችሁ የምትጠይቁት ሥራው ከመጀመሩ ከወር በፊት ነው። የመጀመሪያው ደመወዝ ቀን አይደለም። የሚስት ክፍያ በባል ስልክ ሲገባ ዝም አትበሉ፣ ቆፍራ ያገኘችው እሷ ናት። ደመወዝ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይ። ተፈናቃይ የሚበላው በዱቤ ነው። ክፍያው በዘገየ ቁጥር ደመወዙ ለባለሱቁ ይሄዳል።

አንድ ሳይት ላይ የመገኘት መዝገቡን ገለጥኩት። የወሩን ሙሉ። ሁሉም ሰው በየቀኑ ተገኝቷል። አንድም ቀሪ የለም። ለቅሶ የደረሰ የለም፣ የታመመ የለም፣ ገበያ የሄደች የለችም። እንዲህ ዓይነት ሰፈር ኢትዮጵያ ውስጥ የለም! ፊርማዎቹም የወንድማማች ፊት ይመስላሉ። ክርክር ውስጥ አልገባሁም፣ ሜትሬን ይዤ ወረድኩ። በዕለቱ ቦይ ላይ 50 ሰው ተመዝግቧል። 50 ሰው በ16 ሜትር ሲባዛ 800 ሜትር መሆን ነበረበት። መሬት ላይ ያለው 500 ሜትር ነው፣ የ31 ሰው ሥራ። 19ኙ ሰዎች የት ሄዱ? መልስ የሰጠኝ የለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ግን መዝገቡ ላይ ቀሪ መታየት ጀመረ። ሁለቱን ሂሳብ አብራችሁ ያዙ የምለው ለዚህ ነው። ሜትር ኩቡ ፔሮሉን ይመሰክርበታል፣ ፔሮሉም ሜትር ኩቡን።

ስለ ልጆች አጭር ልበል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር አይቻልም፣ ከ15 እስከ 18 ያለውንም ለአደገኛ ሥራ አታሰልፉም። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚመጣው ግን በሌላ በር ነው። እናት ትታመማለች፣ የ12 ዓመት ልጇን በምትኳ ትልካለች። ልጁን አባርሮ መመለስ ቀላል ነው። ግን እናትየው የዕለቱን ደመወዝ አጣች፣ ነገም ትልከዋለች። ድርሻዋን ሌላ አዋቂ የቤተሰብ አባል እንዲሠራላት ወይም በሌላ ቀን እንድትጨርሰው የሚፈቅድ ደንብ ከመጀመሪያው ይኑራችሁ። ነፍሰ ጡሮችን በሚመለከት የሴፍቲኔቱን አሠራር ውሰዱ፣ ከጉልበት ሥራ ወጥተው ክፍያው አይቋረጥባቸውም። ሕፃን ይዘው ለሚመጡት ዳስ ይሠራ። መቆፈር የማይችሉ አንዲት እማማ ልጆቹን ይጠብቁ፣ የእሳቸውም ቀን እንደ ማንኛውም የሰው ቀን ፔሮል ላይ ይግባ። በጀት የለም የሚላችሁ ካለ ከባነሩ ቀንሱ።

መሣሪያ ላይ አትቆጥቡ። የገበያው ርካሽ ዶማ እጀታው በሁለተኛው ቀን ይሰበራል፣ የተሰበረ እጀታ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ካባ ላይ ድንጋይ ለሚፈልጥ ሰው መነጽር ሳትሰጡ መዶሻ አትስጡ። የሚጠጣ ውሃና ሽንት ቤት ከመጀመሪያው ቀን ይኑር፣ ለሴቶች ለብቻ።

ሰሌዳ ስታወጡ ሰማዩንና ቡናውን እዩ። ጌዴኦ አካባቢ በበልግም ይዘንባል፣ በክረምትም። ደረቁ ወቅት ሲመጣ ደግሞ የቡና ለቀማ ይደርሳል፣ ከጥቅምት ጀምሮ ሰዉ ወደ ቡናው ይሄዳል። ደመወዛችሁን ከፍ አድርጋችሁ ለቃሚውን ከቡናው አትንጠቁ። ዝቅ አድርጋችሁም ሰው አማራጭ ስለሌለው ብቻ አታሠሩት። የአካባቢውን የቀን ሥራ ዋጋ ጠይቁና እዚያው አካባቢ ቁረጡ።

ሌላው፣ ተፈናቃይ ነገ እዚያ ላይኖር ይችላል። በ2011 ዓ.ም. የጌዴኦ ተፈናቃዮች ወደ መጡበት ይመለሱ ተብሎ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ካምፖቹ ሲፈርሱ አይተናል። ብዙዎቹም ሳይፈልጉ ነበር። ስድስት ወር የሚፈጅ ሥራ ይዛችሁ ሠራተኛችሁ በአንድ ሳምንት ቢነሳ ምን ታደርጋላችሁ? ሥራውን በአጫጭር ክፍል ቁረጡት፣ እያንዳንዱ ክፍል ብቻውን ቆሞ ውሃ የሚያሳልፍ ይሁን። ግማሽ የተቆፈረ ቦይ ካልተቆፈረው ይብሳል። ሂሳቡን በየሳምንቱ ዝጉ፣ ሰዉ ቢሄድ የሚከተለው ዕዳ እንዳይኖር። የሠራውን ሥራ የሚገልጽ ወረቀትም ስጡት፤ “ተሳትፏል” የሚል ሳይሆን “ለዚህን ያህል ጊዜ ካቦ ነበር፣ የድንጋይ ግንብ ሠርቷል፣ ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) አስሯል” የሚል። የሚቀጥለው ቀጣሪ የሚያነበው ይህንን ነው።

ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት ስለ ርክክቡ። ሪባን ተቆርጦ ሰው ከተበተነ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ቦዩን በቅጠልና በደለል ይደፍነዋል። ውሃው መንገዱ ላይ ይወጣና ጀርባውን ይበላዋል። መድኃኒቱ ለአንድ ሰው ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ሰጥቶ ቦይ እንዲጠርግ፣ ቱቦ አፍ እንዲከፍት፣ ጉድጓድ እንዲደፍን በወር የሚከፈልበት ውል ነው። ከሠራተኞቹ መካከል ጎበዞቹን ምረጡ፣ በተለይ እዚያው ለመቅረት የወሰኑትን። ወረዳው ለዚህ በጀት መያዙን በደብዳቤ ሳይሆን በበጀት መዝገቡ ላይ እዩ። ካላያችሁት ርክክቡ ላይ አትፈርሙ። ይጮሁባችኋል፣ ይጩሁ። አሁን ጥያቄ ካለ፣ ከኋላ ካለው ልጀምር።